ካላንደር ሳትገልጡ ቀን ማውጣት

እንቁጣጣሽ በምን ቀን ይውላል? እኔስ በምን ቀን ነው የተወለድኩት? ለዚህ ስልክ መክፈት አያስፈልግም። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመንና የበዓላት ማውጫ ቀመር ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ስሌት ትበቃለች። ባሕረ ሐሳብ ሲባል ብዙ ሰው ይፈራል፣ የመሪጌታ ሥራ ብቻ ይመስለዋል። ይቺኛዋ ግን መደመርና ማካፈል ብቻ ናት።

የ2019ን እንቁጣጣሽ እናውጣ። 2019 ላይ 5500 ደምሩ፣ 7519 ይመጣል። ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው፣ ዓመተ ዓለም የሚባለው ይሄ ነው። እሱን ለ4 አካፍሉት። 1879 ይደርስና 3 ይተርፋል። ትርፏን ጥግ ላይ ጻፏት፣ ኋላ እንፈልጋታለን። አሁን 7519ን እና 1879ን ደምሩ፣ 9398። ይሄን ለ7 ስታካፍሉት 4 ይተርፋል። ማክሰኞን 1 ብላችሁ ቁጠሩ፦ ረቡዕ 2፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 4። አለቀ፣ እንቁጣጣሹ ዓርብ ነው። ምንም ካልተረፈ ሰኞ ይሆናል።

ለምን ይሠራል? 365 ቀን ማለት 52 ሳምንት ከአንድ ቀን ነው፣ ስለዚህ አዲስ ዓመት በየዓመቱ አንድ ቀን ይገፋል። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ 6 ስትሆን ደግሞ አንድ ቀን ይጨመራል። ለ4 ያካፈልነው እነዚያን ጭማሪ ቀኖች ለመቁጠር ነው። ከማክሰኞ የጀመርነው የቀመሩ የመጀመሪያ ዓመት የገባው ማክሰኞ ስለሆነ ነው።

ጥግ ላይ የጻፋችኋት ቁጥር ዓመቱ በየትኛው ወንጌላዊ እንደሚጠራ ትነግራችኋለች። 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ካልተረፈ ዮሐንስ። 2019 ሉቃስ ነው ማለት ነው፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ነው የሚከበረው፣ በሌሎቹ 29። ለበዓሉ አገር ቤት ለመግባት ትኬት የምትቆርጡ እቺን ልብ በሉ።

መስከረም 1ን ካገኛችሁ የዓመቱ ሌላ ቀን ሁሉ በእጃችሁ ነው። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ እያንዳንዱ ወር ካለፈው ሁለት ቀን ገፋ ብሎ ይገባል። መስከረም 1 ዓርብ ከሆነ ጥቅምት 1 እሁድ፣ ኅዳር 1 ማክሰኞ። በወሩ ውስጥ ደግሞ 1፣ 8፣ 15፣ 22 እና 29 ሁሌም አንድ ቀን ላይ ይውላሉ። የፈረንጁን ካላንደር እስቲ እንዲህ ሞክሩት፣ አንዴ 28 አንዴ 31 እያለ ሲያሯሩጣችሁ ይውላል።

ማመን ካቃታችሁ በአድዋ ፈትኑት፣ ጦርነቱ እሁድ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ቀኑ የካቲት 23፣ 1888 ነው። 1888 ሲደመር 5500፣ 7388። ለ4 ሲካፈል 1847፣ ትርፍ የለውም። ድምሩ 9235፣ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። መስከረም 1 ረቡዕ ነበር ማለት ነው። እስከ የካቲት አምስት ወር አልፏል፣ በሁለት ሁለት ሲገፋ 10 ቀን፣ ሳምንቱን ስትቀንሱ 3። ከረቡዕ ሦስት ቁጠሩ፣ የካቲት 1 ቅዳሜ ይሆናል። 22ም ቅዳሜ፣ 23 እሁድ!

በፋሲካ ግን እንዳትሞክሩት። እሱ ጨረቃንም ስለሚቆጥር አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉትን ይጠይቃል። ለእሱ እንኳ መሪጌታ ጋ ጎራ ማለት ይሻላል።