ቂጣ የሆነውን ትራስ አትጣሉት

ትራሳችሁ ቂጣ ሆኖ አንገት የሚያሳምም ከሆነ አዲስ ስፖንጅ ለመግዛት አትሩጡ። የጥጥ ከሆነ ጫፉን በምላጭ ተርትሩት፣ ጥጡን አውጥታችሁ በጣት እያፍታታችሁ ማዳበሪያ ላይ ፀሐይ አስመቱት። እንደኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ከሆነ በነጠላ ሸፍኑት፣ አለዚያ ነፋሱ ጎረቤት ቤት ያደርሰዋል። ከሰዓት መልሶ መስፋት ነው። ጥጡ እኮ አላረጀም፤ በላብና በክብደት ተጣብቆ አየሩ ስለወጣ ነው የጠጠረው። ስፖንጅ ደግሞ ከነዳጅ ተዋጽኦ ነው የሚሠራው፣ አንድ ትራስ ሳትገዙ ስትቀሩ የፋብሪካውም የመኪናውም ጭስ አብሮ ይቀራል።

የሻገተ ወይም ትኋን የገባበት ከሆነ ግን አይሆንም። ስፖንጅም ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል።