የራስን የቢሮ ስልክ ሰርቨር ሲተክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አስቴሪስክን፣ ማለትም ተራ ኮምፒውተርን የቢሮ ስልክ ማዞሪያ የሚያደርገውን ነፃ ሶፍትዌር፣ መጫን ግማሽ ቀን አይፈጅም። አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር፣ ሊኑክስ (ነፃው ስርዓተ ክወና) እና ሁለት የሲፕ ስልክ (ሲፕ በኔትወርክ ጥሪ የሚገናኝበት ደንብ ነው) ይበቃል። ከምሳ በኋላ የውስጥ መስመር 101 ወደ 102 ይደውላል፣ ቢሮው ያጨበጭባል። ጣጣው የሚመጣው ከጭብጨባው በኋላ ነው። እንዲህ ያሉ ሰርቨሮችን ስተክል፣ ሌሎች የተከሏቸውንም ስጠግን ቆይቻለሁ። ሶፍትዌሩ ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ ያገኘሁባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። የሚያስቸግረው ዙሪያው ነው።

«ነፃ ነው» ብሎ በጀት መዝጋት

አስቴሪስክ የተወለደው ከገንዘብ እጥረት ነው። በ1999 (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ማርክ ስፔንሰር አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ለሊኑክስ ተጠቃሚዎች ድጋፍ የሚሰጥ ትንሽ ድርጅት ከፈተ። የቢሮ ስልክ ማዞሪያ ዋጋ ሲጠይቅ ኪሱ አልቻለም። ስለዚህ ራሱ ጻፈው። ይህን ታሪክ ሁላችንም እንወደዋለን፤ ሰውዬው በብር ፋንታ ጊዜውን እንደከፈለ ግን እንረሳለን። የእናንተም ሰርቨር ፈቃዱ ነፃ ነው፤ የሚያዘምነው፣ የሚከታተለው፣ ሲበላሽ እሑድ የሚመጣው ሰው ግን ነፃ አይደለም። ያ ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሥራው ባይጀመር ይሻላል።

በሩን ክፍት ትቶ መሄድ

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አንድ የማውቀው ቢሮ ዓርብ ማታ ተቆልፎ ሰኞ ጠዋት ተከፈተ። ቅዳሜና እሑድ ማንም አልነበረም። ስልኩ ግን ሁለቱንም ቀን፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ የቢሮው ሰዎች ስማቸውን እንኳ ወደማያውቋቸው አገሮች ሲደውል ነበር። የ104 የይለፍ ቃል 104 ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኢንተርኔቱን ቀን ከሌት የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ፤ የሲፕ መደበኛ በር (ፖርት) የሆነውን 5060 ያንኳኳሉ። ሰርቨር ካገኙ የውስጥ መስመር ቁጥሮችን ይገምታሉ፣ ቀጥሎ የይለፍ ቃል ይሞክራሉ። ከገቡ በኋላ የሚደውሉት ውድ ወደሆኑ ዓለም አቀፍ ቁጥሮች ነው፤ ከእያንዳንዱ ደቂቃ ክፍያ ድርሻ ያገኛሉና። ጥሪው በእርግጥም ከእናንተ መስመር ስለወጣ ሂሳቡ የሚመጣው ለእናንተ ነው። የሚመርጡትም ቅዳሜና እሑድን ወይም በዓልን ነው፣ ማንም አያይማ።

መከላከያው ውድ አይደለም። ለእያንዳንዱ የውስጥ መስመር ከቁጥሩ ጋር የማይገናኝ፣ ረጅምና የተዘበራረቀ የይለፍ ቃል ስጡ። በተደጋጋሚ ተሳስቶ የሚሞክረውን አድራሻ የሚዘጋ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ፌይል ቱ ባን፣ ጫኑ። ወደ ውጭ አገር መደወል የማያስፈልገው መስመር አይደውል፤ የሚያስፈልገውም ወደሚሠራባቸው አገሮች ብቻ ይደውል። መስመር የሚሰጣችሁን ኦፕሬተር የቀን የወጪ ጣሪያ እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ። ከቤት የሚሠሩ ሠራተኞች በቪፒኤን፣ ማለትም ወደ ቢሮው ኔትወርክ በሚያስገባ በተመሰጠረ መንገድ፣ ይግቡ። 5060ን ወደ ሌላ ቁጥር ቀይሮ «ጨርሻለሁ» የሚል ቴክኒሻን ደግሞ አለ። እሱ በሩን ሳይቆልፍ የቤት ቁጥሩን ነቅሎ እንደሄደ ቁጠሩት።

የማስተዳደሪያ ገጹስ? በነሐሴ 2025 አስቴሪስክን በድረ ገጽ ለማስተዳደር በሚያገለግለው በፍሪፒቢኤክስ ላይ የይለፍ ቃል እንኳ የማይጠይቅ ቀዳዳ ተገኘ። 15፣ 16 እና 17 የተባሉት ስሪቶች ሁሉ ነበሩበት። ማስተካከያው ሳይደርስ ሰርጎ ገቦች እየተጠቀሙበት ነበር። የተጎዱት ገጻቸውን ለመላው ኢንተርኔት ክፍት ያደረጉት ናቸው። ያንን ገጽ ከቢሮ ውጭ ማየት ያለበት ሰው አንድ ወይም ሁለት ነው፤ እነሱም ቪፒኤን አላቸው።

«ሃሎ? ሃሎ? አይሰማኝም!»

ስልኩ ይጠራል፣ ይነሳል፣ አንዱ ይሰማል፣ ሌላው አይሰማም። አብዛኛው ሰው ስልኩን ይቀይራል፣ ከዚያ ኬብሉን፣ ከዚያ ኦፕሬተሩን ይሳደባል። ጥፋቱ ግን አድራሻ ላይ ነው።

በሲፕ ጥሪውን የሚያገናኘው መልእክትና ድምፁ የሚሄዱት በተለያየ መንገድ ነው። ድምፁ አርቲፒ በተባለ ሌላ ደንብ ይጓዛል፤ አስቴሪስክ ላይ የተለመደው ክልል ከ10000 እስከ 20000 ያሉ በሮች ናቸው። ሰርቨሩ ራውተር ጀርባ ከተቀመጠ ለወዲያኛው ወገን «ድምፁን በ192.168 በሚጀምረው አድራሻዬ ላክልኝ» ይላል። ይህ ለፖስተኛ «ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ክፍል» ብሎ አድራሻ እንደመስጠት ነው። ግቢ ውስጥ ላለ ሰው ልክ ነው፤ ከውጭ ለሚመጣው ግን ምንም አይነግረውም።

ስለዚህ ሰርቨሩ የውጭ አድራሻውንና የውስጥ ኔትወርኩን ለይቶ እንዲያውቅ አድርጉ። የአርቲፒ በሮችን ለኦፕሬተሩ አድራሻዎች ክፈቱ። ራውተሩ ላይ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚል ካለ አጥፉት፤ ለመርዳት ብሎ መልእክቱን እየከፈተ የሚያበላሽ ነገር ነው። ጥሪው 30 ሰከንድ አካባቢ ላይ የሚቆረጥ ከሆነም መጀመሪያ የሚፈተሸው ይኸው ነው።

የኢንተርኔት ፍጥነትን ብቻ መመልከት

ጂ.711 በተባለው ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዲጂታል የሚቀይር ዘዴ) አንድ ጥሪ በእያንዳንዱ አቅጣጫ 87 ኪሎቢት በሰከንድ ያህል ይወስዳል። አሥር ሰው በአንዴ ቢያወራ አንድ ሜጋቢት አይሞላም። ጂ.729 ደግሞ ከዚያ ሲሶ ገደማ ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ «ኢንተርኔታችን ፈጣን ነው» ማለት ብዙም አያረጋጋም። ድምፅን የሚቆራርጠው የፓኬቶች፣ ማለትም ድምፁን ቆራርጠው የሚያጓጉዙት ትናንሽ እሽጎች፣ አመጣጥ አለመስተካከል ነው። አንድ ሰው ትልቅ ቪዲዮ ወደ ላይ ሲጭን የሥራ አስኪያጁ ድምፅ እንደ ሮቦት ይሆናል። ራውተሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ ስጡ። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ስልክ በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል አገናኙ። ድምፁ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ለመድረስ ከ150 ሚሊሰከንድ በላይ ከወሰደ ሰዎች አንዱ የሌላውን ንግግር ማቋረጥ ይጀምራሉ።

ዩፒኤሱን ለሰርቨሩ ብቻ መግዛት

መብራት ሄደ፤ ሰርቨሩ በዩፒኤሱ ባትሪ በኩራት ይሠራል። ስልኮቹ ግን ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በኔትወርክ ኬብሉ ከስዊቹ ነው፤ ስዊቹ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። የኢንተርኔቱ ሣጥንም እንዲሁ። ይህን ስህተት እኔም ራሴ ሠርቼዋለሁ፣ ያውም ሁለቴ።

የቆየ መመሪያ መገልበጥ

ብዙዎቹ መመሪያዎች የተጻፉት የሲፕ ጥሪን ያስተናግድ ለነበረው፣ ቻን ሲፕ ለሚባለው የአስቴሪስክ ሞጁል ነው። ከአስቴሪስክ 21 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2023 ወዲህ፣ ሞጁሉ የለም፤ የአሁኑ ፒጄሲፕ ነው። ሴንትኦኤስ 7 በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ጫኑ የሚላችሁም ካለ ድጋፉ በሰኔ 2024 አብቅቷል።

ስለ ሕግና ስለ አደጋ ጥሪ ሳይጠይቁ መጀመር

ኢትዮጵያ ውስጥ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) የኦፕሬተሩን መሠረተ ልማት አልፎ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠትን ወንጀል አድርጎታል። ፎቅና ፎቅ በውስጥ መስመር መነጋገር አንድ ነገር ነው። ከውጭ በኢንተርኔት የመጣን ጥሪ በሲም ካርድ ወደ አገር ውስጥ ስልክ ማሳለፍ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ «ትንሽ ቢዝነስ» ብሎ የሚያማክራችሁን ሽሹት። መስመሩን ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር በውል ውሰዱ፣ ልትሠሩት ያሰባችሁትንም በጽሑፍ ጠይቁ።

አሜሪካ ሱቅ ወይም ሬስቶራንት ያላችሁ ደግሞ የካሪን ሕግ እወቁ። በ2013 ቴክሳስ ውስጥ ሆቴል ክፍል ውስጥ ካሪ የምትባል እናት ጥቃት ደርሶባት ሞተች። የ9 ዓመት ልጇ ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 911 አራት ጊዜ ደወለች፤ አልወጣላትም። ስልኩ ለውጭ መስመር መጀመሪያ 9 ይፈልግ ነበር። ከየካቲት 2020 ወዲህ የሚተከል የቢሮ ስልክ ያለ ምንም መነሻ ቁጥር በቀጥታ ወደ 911 መድረስ አለበት። ከኢንተርኔት የምትገለብጡት የጥሪ ደንብ ግን አሁንም በ9 የሚጀምር ሊሆን ይችላል። እኛም አገር 991 (ፖሊስ) እና 907 (አምቡላንስ) ከእያንዳንዱ ጠረጴዛ እንደሚወጡ ከመረከባችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ለሙከራ እንደምትደውሉ ግን አስቀድማችሁ አሳውቁ።

ባክአፑን እዚያው ማስቀመጥ

አንድ ጊዜ ዲስኩ የሞተ ሰርቨር ላይ ተጠርቼ ሄድኩ። ባክአፕ አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «አለን፣ በየሌሊቱ ይወሰዳል» አሉኝ። የት እንደሚቀመጥ ስጠይቅ ዝም ተባባሉ። የውስጥ መስመሮቹን አንድ በአንድ እንደገና የሠራሁት እንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛዋ ላይ በፕላስተር ከለጠፈችው ወረቀት እያየሁ ነው።