ያለቀኑ የተወለደ ልጅ ሙቀት ክፍል ሲገባ ወተቱን እንዴት እናድርስለት

እህቴ ልጅሽ ከ34 ሳምንት በፊት ተወልዶ በአፍንጫው የወተት መስጫ ቱቦ ካደረጉለት አትደንግጪ፣ ጡት ጠልቶ አይደለም፣ መጥባት መዋጥና መተንፈስን ባንዴ ማስኬድ ገና ስላልቻለ ነው። ቱቦውን ማስገባትና ቦታው ላይ መሆኑን ማረጋገጥ የነርሶቹ ስራ ነው፣ ያንቺ ስራ ወተቱ ነው።

ማለብ የሚጀመረው ጡት ሲሞላ ሳይሆን እንደወለድሽ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢና ጡትሽን ቀስ ብለሽ አሸት አሸት አድርጊው፣ ከዛ አውራ ጣትሽን ከላይ ሌሎቹን ከታች ጥቁሩ ክብ ጠርዝ ላይ አድርገሽ መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ገፋ፣ ቀጥሎ ጨመቅ፣ ከዛ ለቀቅ። ጫፉን አትጎትቺ፣ ያቆስልሻል። መጀመሪያ ቀን ጥቂት ጠብታ ብቻ ብትወጣም እንዳትደፊያት፣ እንገር ናት፣ በሲሪንጅ መጥጠው ይሰጡታል። በ24 ሰዓት ቢያንስ 8 ጊዜ እለቢ፣ ሌሊቱን ከዘለልሽው ወተቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ዳር ኮዬ ፈጬ ወይ አራብሳ ለምንኖር ሰዎች ግን ትልቁ ጣጣ መንገዱ ነው። ተቀቅሎ የደረቀ ክዳን ያለው እቃ ያዢ፣ ስሙንና ያለብሽበትን ሰዓት ጻፊበት፣ ፍሪጅ ወይ በረዶ ከሌለሽ (መብራቱን መቼስ ታውቂዋለሽ) ከ4 ሰዓት በላይ የቆየውን አትስጪው፣ የታክሲ ሰልፉንም እዛ ውስጥ ቁጠሪው። ሆስፒታሉ ውስጥ ካንጋሮ ክፍል (እናት ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ የምትቆይበት) አልጋ ካለ ግን እዛው መተኛት ነው የሚሻለው፣ ልጁን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ ደረትሽ ላይ ለጥፈሽ ትውያለሽ፣ ይሞቃል፣ ወተትሽም ይጨምራል። በቱቦ እንድትሰጪው ነርሷ ካሳየችሽ የሲሪንጁን መግፊያ አውጥተሽ ወተቱ በራሱ ይውረድ፣ ቸኩለሽ አትግፊ።

ቱቦው ሲነሳ ጡት ብቻውን ካልበቃው በጡጦ ፋንታ በሲኒ ስጪው። ቀና አድርገሽ ያዢው፣ ጠርዙን ታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፊና ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ዘንበል አድርጊ፣ እሱ ራሱ ይልሰዋል፣ አፉ ውስጥ ካፈሰስሽው ትን ይለዋል።

አያቶች ቅቤ እናልሰው፣ ስኳር ውሃ እንስጠው ካሉ ቅቤውን ያንቺ ገንፎ ላይ ያድርጉት፣ ለሱ ውሃም ቢሆን አይሰጥም። አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ሰገራው ላይ ደም ካየሽ፣ ትንፋሹ ቆም ቆም ካለ ወይ ሊመገብ አልነቃ ካለ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ደረትሽ ላይ እንዳለ ሸፍነሽው ወደ ሆስፒታል ሂጂ።