በታዳጊዎች ሶፍትቦል የዳኛ ውሳኔ ሲያከራክር ምን ይደረጋል?

ልጅቷ አቧራው ላይ ተንሸራትታ ቤዙን፣ ሯጭ የምትደርስበትን ማረፊያ፣ ነካች። ኳሱም በዚያው ቅጽበት ደረሰ። ዳኛው ቀኝ እጁን ጨብጦ ከፍ አደረገና "አውት!" አለ፤ ወጥታለች ማለቱ ነው። ወላጆች ጮኹ። ልጅቷ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ዞር ብላ አሰልጣኟን አየች። ዳኛውን አላየችም።

አሰልጣኝ ከሆኑ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ለራስዎ ይመልሱ። የሚከራከሩት ዳኛው ባየው ነገር ነው ወይስ በሕጉ? ቀድሞ የደረሰው ማን ነው፣ ኳሱ ስትራይክ (በመቺዋ ላይ የሚቆጠር ውርወራ) ነው ወይ፣ ያረፈው ከመስመሩ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? እነዚህ ሁሉ የዓይን ፍርድ ናቸው። በዓይን ፍርድ ላይ አቤቱታ አይቀርብም። ዳኛው ሕጉን በስህተት ሲተረጉም ግን መብት አለዎት።

ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ኢንፊልድ ፍላይ በሚባለው ሕግ ላይ ነው። ሁለት አውት ሳይሞላ፣ አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ ላይ ወይም ሦስቱም ላይ ሯጭ አለ እንበል። መቺዋ ኳሱን ወደ ላይ አጎነችው። ኳሱ ከመስመሩ ውስጥ ሆኖ አንዲት የውስጥ ሜዳ ተከላካይ በተለመደ ጥረት ልትይዘው የምትችለው ከሆነ መቺዋ አውት ናት። ኳሱ ቢያመልጥም ለውጥ የለውም። ሕጉ የወጣው ተከላካዮች ኳሱን ሆን ብለው ጥለው በአንድ ጊዜ ሁለት ሯጮችን እንዳያስወጡ ነው። እንግዲህ "ኳሱ ለመያዝ ከባድ ነበር" ካሉ የሚከራከሩት በዳኛው ዓይን ነው፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሆንብዎታል። "ሁለተኛ ቤዝ ባዶ ነበር" ካሉ ግን የሕግ ጥያቄ አነሱ። ይሄ ሊታረም ይችላል።

ቀጥሎ ሰዓቱ ነው። ጨዋታው እስኪቆም ይጠብቁና "ታይም" ይጠይቁ። ዳኛው ከፈቀደ በኋላ ወደ ሜዳ ይግቡ። የሕግ አቤቱታ የሚቀርበው ቀጣዩ ኳስ ለመቺ ከመወርወሩ በፊት ነው። ከተወረወረ አለቀ፣ ትክክል ቢሆኑም አይሰማዎትም። ስለዚህ ከረዳትዎ ጋር ሲመካከሩ ደቂቃ አያባክኑ።

የሚገባው ዋናው አሰልጣኝ ብቻ ነው። ረዳት አይከተል፣ ወላጅ ከአጥር ውጭ አይጩህ። ሄደው የሚያነጋግሩት ውሳኔውን የሰጠውን ዳኛ ነው። ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ሰው ፊት የተዋረደ ሰው "ካፈርኩ አይመልሰኝ" ይላል፣ ዳኛም ሰው ነው። በታዳጊዎች ጨዋታ ላይ ደግሞ ዳኛው ራሱ ገና ወጣት ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አንቱ ይበሉት።

በጥያቄ ይጀምሩ። "ዳኛ፣ ኳሱ ሲመታ ሯጮቹ የት ነበሩ ብለው ነው የወሰኑት?" በጣም ጥሩ መክፈቻ ነው፤ ዳኛው መልሱን ሲያስብ ስህተቱን ራሱ ሊያገኘው ይችላል። የዓይን ጉዳይ ከሆነም አንድ በር አለ። ለምሳሌ የአንደኛ ቤዝ ተጫዋች እግሯ ከቤዙ ለቆ ከነበረና ዳኛው ተከልሎበት ከሆነ፣ "ባልደረባዎን ይጠይቁልኝ?" ማለት ይቻላል። ግዴታ ግን የለበትም። እምቢ ካለ አመስግነው ይመለሱ።

በሕጉ ካልተግባባችሁ "ይህን ጨዋታ በአቤቱታ እንቀጥላለን" ብለው በግልጽ ያስታውቁ። ነጥብ መዝጋቢው ኢኒንጉን (የጨዋታውን ዙር)፣ የአውቱን ቁጥር፣ በመቺዋ ላይ የተቆጠሩትን ውርወራዎችና ሯጮቹ የነበሩበትን ቤዝ እዚያው ይጻፍ። አቤቱታ እንዴት እንደሚታይ ከውድድር ውድድር ይለያያል፤ ጭራሽ የማይቀበሉም አሉ። የውድድሩን ደንብ አስቀድሞ ማንበብ ግድ የሚለው ለዚህ ነው። በተለይ የትንንሾቹ ሊጎች ቤዝ መስረቅን (ኳሱ ሳይመታ ወደ ቀጣዩ ቤዝ መሮጥን) ወይም ያመለጠ ሦስተኛ ስትራይክን (ኳሱ ሳይያዝ ሲቀር መቺዋ ወደ አንደኛ ቤዝ መሮጧን) በራሳቸው ደንብ ሊከለክሉ ይችላሉ። ትልልቆቹ ሲጫወቱ ያዩት ሕግ እዚህ ላይሠራ ይችላል።

ብዙ ሰው ሕግ ነው ብሎ የሚምልበት አንድ ነገር አለ፦ "እጅ የዱላው አካል ነው" ይባላል። አይደለም። መቺዋ ስትመታ ኳሱ እጇን ብቻ ከነካ ኳሱ ይሞታል (ጨዋታው ይቆማል)፣ ስትራይክም ይቆጠርባታል። ፋውል (ተመትቶ ከመስመሩ ውጭ የወጣ ኳስ) አይባልም። እንዲህ ያለ ወሬ ይዘው ሜዳ ከገቡ ቀጣዩን ትክክለኛ ጥያቄዎን የሚሰማ አያገኙም።

ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ልጅቷ ይሂዱ። ስለ ዳኛው ምንም አይበሏት። "አገባብሽ ጥሩ ነበር፤ በሚቀጥለው ትንሽ ቀደም ብለሽ ተንሸራተቺ" ይበሏትና ውሃዋን ያቀብሏት።