ለአማተር የመኪና ውድድር ፍሬን ሸራ እንዴት ይመረጣል?

መኪናቸውን ለውድድር የሚያዘጋጁ የጅማ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሞተር ነው። ፍሬን የሚነሳው መጨረሻ ላይ፣ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ግን ከፍሬን ጀምሩ እላለሁ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ለመቆም የሚበቃ ሸራ ደጋግሞ ከ120 ለመቆም ላይበቃ ይችላል። ያ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክና እሱን በሚጨብጠው ሸራ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሸራ ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል ነው። ዋጋው ቀጥሎ ይመጣል።

መጀመሪያ ያለውን ሸራ እዩት። መኪናውን በክሪክ አንሱ፣ የፊት ጎማውን ፍቱ፣ ሸራውን አውጡ። ፊቱ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ፣ ጠርዙ ነጣ ብሎ ከተፈረፈረ፣ ከአቅሙ በላይ ሞቋል ማለት ነው። ዲስኩ ወደ ሰማያዊ ከሄደም እንደዚያው። አቧራውን በኮምፕሬሰር አትንፉ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፣ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ቀጥሎ ፔዳሉ እግራችሁ ስር ምን እንደሚሆን አስታውሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ፍሬን እምቢ አለኝ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ልንል እንችላለን። ፔዳሉ ጠጣር ሆኖ፣ በሙሉ ጉልበት እየረገጣችሁ መኪናው ካልቆመ፣ ሸራው ከሙቀት ብዛት መያዝ አቅቶታል። መድኃኒቱ ሙቀት የሚችል ሸራ ነው። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወደ ታች ከሰመጠ ግን ብዙ ጊዜ የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። ያኔ የትኛውም ሸራ አያድናችሁም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ሲገባበት ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት ከተማ ተከፍቶ የከረመ ዘይት ለውድድር አይሆንም። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት አስቀይሩት።

የመጀመሪያውን ዓይነት እኔ ያወቅኩት ወደ ጊቤ ድልድይ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ነው። ርካሽ ሸራ አስገጥሜ ነበር። ግማሽ ስወርድ የተቃጠለ ሽታ ገባ፣ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ፣ መኪናው ግን አልቆም አለ። በከባድ ማርሽ ይዤ እንደምንም ዳር አወጣሁት። እጄን ወደ ቸርኬው ሳስጠጋ ሙቀቱ ገረፈኝ። አንድ መንገደኛ ውሃ በጀሪካን ይዞ መጣ። ደግነቱን አልረሳውም፣ ግን አመስግኜ መለስኩት። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ ከደፋችሁ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዝም ብሎ ይብረድ።

አሁን ወደ ምርጫው። ኦርጋኒክ የሚባለው ሸራ ድምፅ የለውም፣ በቀዝቃዛውም ይይዛል፣ ግን ሙቀት ላይ ቶሎ ይሰንፋል። ሴራሚክ ለከተማ ምቹ ነው፣ ለውድድር ግን አልመክረውም። ለጀማሪ የምመክረው ጥሩ ሰሚ ሜታሊክ፣ ማለትም ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ነው። ይጮሃል፣ ቸርኬውን ያጠቁራል፣ ዲስክም ይበላል፣ ሙቀቱን ግን ይችላል። ንጹሕ የውድድር ሸራ ደግሞ ሳይሞቅ በደንብ አይዝም። በጅማ ዝናባማ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ባጃጅ ፊታችሁ ዘው ቢል ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን መኪናውን የሚጭን ሎቤድ የለንም። አዲስ አበባ ለመወዳደር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በራሱ ጎማ ይሄዳል። የውድድር ሸራ ከገዛችሁ ሻንጣ ውስጥ ይዛችሁት ሂዱ፣ እዚያው ቀይሩት።

ሱቅ ስትገቡ ካርቶኑን ተዉትና የሸራውን ጠርዝ አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ታትመዋል። የመጀመሪያው ሸራው በዝቅተኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። በሰበቃ (ፍሪክሽን) መጠን ሲለካ «ኢ» (E) ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» (F) እስከ 0.45፣ «ጂ» (G) እስከ 0.55 ነው፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ይበልጥ ይይዛል። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ካነሰ ሲሞቅ ይደክማል ማለት ነው፣ ተዉት። ፊደሉ ግን የሙቀት ጣሪያውን አይነግራችሁም። እሱን ከአምራቹ ጽሑፍ ፈልጉ። ጽሑፍ የሌለውን፣ ጠርዙ በጥፍር ሲነካ የሚፈረፈረውን ለሻጩ መልሱለት።

ሁልጊዜ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ። ስትፈሬኑ ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። የኋላው ከፊቱ በላይ እንዲነክስ አታድርጉ፣ ኩርባ ላይ መኪናው ዞሮ ይወረውራችኋል። ከኋላ በዲስክ ፋንታ ታምቡር (ከበሮ መሳይ ፍሬን) ካላችሁ ደህና ሸራ ይግባበት፣ ይበቃል።

አዲስ ሸራ ገጥማችሁ በቀጥታ አትወዳደሩ። አምራቹ የራሱ መመሪያ ካለው እሱን ተከተሉ። ከሌለው ሰውም መኪናም የሌለበት መንገድ ፈልጉ። ከ60 ወደ 15 ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ፣ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ፈሬኑ። ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ ጥቂት ደቂቃ ንዱና አብርዱት። የሸራው ውፍረት በግማሽ ሲያልቅ ለውድድር በቃው። የሳሳ ሸራ ሙቀቱን ወደ ዘይቱ ያሳልፋል።

ከውድድር ስትወጡም ፔዳሉን ረግጣችሁ አትቁሙ፣ የእጅ ፍሬንም አትሳቡ። የጋለው ሸራ ዲስኩ ላይ ይለጠፍበታል። ማርሽ አስገቡና ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ።