የቬፕ ችግርና መፍትሄ፦ ዋቱና ኒኮቲኑ አልስማማ ሲሉ

ሰላም የወሎ ልጆች። ከአረብ አገር በሚመጣ ሻንጣ ቬፕ (በባትሪ የሚሰራው ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) አብሮ እየገባ ነው፣ ደሴ ፒያሳም ኮምቦልቻም ልጆች እጅ ላይ አለ፣ ግን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ማስገባቱም መሸጡም ክልክል ስለሆነ ሲያስቸግርህ ወስደህ የምታሳየው ሱቅ የለም፣ የአጠቃቀም ወረቀቱም ከካርቶኑ ጋር ተጥሏል፣ እና ሰው ሁሉ ቁልፉን እየነካካ በግምት ነው የሚስበው። ለማያጨስ ሰው ጀምሩ እያልኩ አይደለም፣ እናንተ ጭራሽ አትንኩት። ይሄን የጻፍኩት አሁን እጁ ላይ ላለና ሰውነቱ የሚለው ነገር ግራ ላጋባው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባን። የሊኩዱ (ተኖ የሚሳበው ፈሳሽ) ጠርሙስ ላይ ያለው ቁጥር፣ 3 ይሁን 20 ይሁን 50፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ሊኩድ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ኒኮቲን እንዳለ ብቻ ነው የሚናገረው፣ ሳንባህ ስንት እንደሚገባ አይነግርህም። ዋት (የእቃው ኃይል) ስትጨምር ኮይሉ፣ ማለትም ሊኩዱን የሚያግለው ሽቦ፣ የበለጠ ይግላል፣ አንድ ጊዜ ስትስበው የሚተነው ሊኩድ ይበዛል፣ ኒኮቲኑም አብሮ ይበዛል። ረዘም አድርገህ ስትስብም እንደዛው። ቤሩት ባለው የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላይ ቮልቱን፣ የአሳሳቡን ርዝመትና ሊኩዱ ውስጥ ያለውን የኒኮቲን መጠን እየቀያየሩ በማሽን ሲለኩ፣ 15 ጊዜ ተስቦ የሚወጣው ኒኮቲን ከ50 እጥፍ በላይ ተለያይቷል። ስለዚህ ጓደኛህ "20 ነው የምስበው ምንም አይለኝም" ቢልህ ዋቱን ሳትጠይቅ አትመነው።

"ሳብኩት፣ አዞረኝ፣ ምራቄ በዛ፣ ሊያስመልሰኝ ደረሰ"

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ኒኮቲን ሶልት የሚባለውን ሊኩድ ትልቅ ዋት ባለው እቃ መሳብ ነው። ሶልት አሲድ ስለተጨመረበት ጉሮሮ አይቧጭርም፣ ለስላሳ ነው፣ እና ጉሮሮህ በቃ ሳይልህ ብዙ ትወስዳለህ። የተሰራው ከ10 እስከ 15 ዋት አካባቢ ለሚሰሩ ትንንሾቹ እቃዎች ሆኖ ሳለ 50 ዋት ላይ ሲሳብ ሰውየውን ማዞሩ አይቀርም።

መፍትሄው፣ አስቀምጠው፣ ነፋስ ያለበት ቁጭ በል፣ ውሃ ጠጣ፣ እስኪለቅህ ድረስ መልሰህ እንዳትነካው። ማስመለሱ ካልቆመ፣ ልብህ ከተዛባ ወይ ራስህን ልትስት ከሆነ ሆስፒታል ነው፣ አታመንታ። በርጫ ላይ ከሆንክ ደግሞ ጫቱም ኒኮቲኑም ልብ ምትን የሚያፈጥኑ ናቸውና ይደማመራሉ፣ ወላሂ እዛ ላይ ተጠንቀቁ። ከዛ በኋላ ሶልቱን ኦሙ (ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚገታበት መጠን) 1ና ከዛ በላይ ለሆነ ኮይል ተወው፣ ትልቅ ዋት የምትጠቀም ከሆነ ሊኩዱ ከ3 ወይ ከ6 አይለፍ።

እቃው ስክሪን ከሌለውስ? አብሽር፣ ቮልቱን በራሱ አባዝተህ ለኮይሉ ኦም አካፍለው። 3.7 ቮልት በ1.2 ኦም 11 ዋት ገደማ ነው፣ ያው 3.7 ቮልት 0.4 ኦም ላይ ግን 34 ዋት ገደማ ይመጣል። ባትሪው ያው፣ ሊኩዱ ያው፣ ኮይል ብቻ ተቀይሮ ሶስት እጥፍ።

"ጠዋት ይበቃኛል፣ ማታ ማታ ምንም አያረካኝም"

ሱስህ ጨምሮ ላይሆን ይችላል፣ ባትሪው ነው። ኃይሉን የማያስተካክሉት ርካሾቹ እቃዎች ላይ ሙሉ ባትሪ 4.2 ቮልት ይሰጣል፣ ሲደክም ወደ 3.3 ይወርዳል፣ ዋቱ ደግሞ ከቮልቱም በላይ ነው የሚወርደው፣ 38 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። መብራት ጠፍቶ ቻርጅ ሳታደርግ የዋልክ ቀን ደጋግመህ የምትስበው ለዚህ ነው። ቻርጅ አድርገውና እንደገና ሞክረው፣ ከዛ በፊት ከፍ ያለ ሊኩድ ፍለጋ አትሂድ፣ ምክንያቱም ባትሪው ሲሞላ ያ ሊኩድ መልሶ ያዞርሃል።

"የተቃጠለ ጥጥ ይሸታል"

ኮይሉ፣ ሊኩዱን መጦ ከሚያቀብለው ጥጥ ፈጥኖ ሊኩዱን ሲጨርሰው ጥጡ ደርቆ ይቃጠላል። ይሄ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ሊኩዱ ከልክ በላይ ሲግል ፎርማልዲሃይድና አክሮሊን የሚባሉ መርዞች ይወጣሉ፣ ስለዚህ "ትንሽ ነው ይለፍ" ብሎ መሳብ የለም። አንዱ ምክንያት ዋቱ ኮይሉ ላይ ከተጻፈው መብለጡ ነው፣ ዝቅ አድርገው። ሌላው የኛው የደሴ ብርድ ነው፣ ጉጉፍቱ አካባቢ ላላችሁማ አይነገርም። ግሊሰሪን የበዛበት ሊኩድ ሲበርደው ይወፍራል፣ ጥጡ ውስጥ ቶሎ አይገባም፣ እና ኮምቦልቻ ላይ በ40 ዋት ደህና የነበረው እቃ ደሴ ላይ በጠዋቱ ያቃጥላል። የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዘው፣ አንዴ ስበህ ትንሽ ቆይ፣ ቀጠን ያለ ሊኩድ ተጠቀም። አንዴ የተቃጠለ ኮይል ግን አይመለስም፣ ይጣል። አዲስ ስታስገባ ጥጡን በሊኩድ አርሰህ 10 ደቂቃ ያህል አቆየው።

"ፈሰሰ፣ ይንቦጫረቃል፣ አፌ ውስጥ ገባ"

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጣ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ትጨምራለህ፣ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ታንኩ (የሊኩዱ መያዣ) ውስጥ ያለው አየር ይለጠጥና ሊኩዱን ይገፋዋል። ታንኩን ሞልተህ ወይ ጨርሰህ አውጥተህ ውጣ፣ ቀጥ አድርገህ ያዘው። ሳትጓዝ የሚንቦጫረቅ ከሆነ ግን ዋቱ ለኮይሉ አንሶ ሊኩዱ ሳይተን እየተጠራቀመ ነው፣ ኮይሉ ላይ የተጻፈው ውስጥ እስኪገባ ከፍ አድርገው። እጅህን ከነካህ ታጠበው፣ ኒኮቲን በቆዳም ይገባል።

"ከ20 ወደ 3 ወረድኩ፣ ሱሱ ግን ያው ነው"

ይሄን የሚለኝ ሰው ልፋቱ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ከልቡ ሊያቆም የፈለገ ነው። አስበው፣ በትንሿ እቃ በቀን 2 ሚሊ ሊትር ባለ 20 ስትጨርስ 40 ሚሊግራም ነው ከጠርሙሱ የወጣው። ባለ 3 ሊኩድ ይዘህ ትልቅ ዋት ላይ በቀን 10 ሚሊ ሊትር ከጨረስክ 30 ነው፣ ይሄን ያህል ለፍተህ የቀነስከው ሩብ ብቻ። በረካ ቀጭን ነው ብሎ ጀበናውን ሙሉ እንደመጨረስ ነው። ሰውነት የለመደውን ሲያጣ ሳናውቀው ረዘም አድርገን እንድንስብ ያደርገናል፣ ዋቱንም ያስጨምረናል። ስለዚህ ቁጥሩን ስትቀንስ ዋቱን እዛው አስቀምጥ፣ ኮይሉንም አትቀይር፣ በቀን ስንት ሚሊ እንደጨረስክ ስልክህ ላይ ጻፍ፣ ሚሊው ካልጨመረ እውነትም እየቀነስክ ነው። ከጨመረ ቁጥሩን አንድ ደረጃ መልሰህ ቀስ ብለህ ውረድ፣ ከ20 ወደ 3 በአንዴ መዝለል አያስፈልግም።

ጠርሙሱን ደግሞ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡት። ጣፋጭ ይሸታል፣ ሕፃን ትንሽ እንኳን ቢውጠው አደገኛ ነው። ከዋጠ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ እስኪታመም አትጠብቁ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሆስፒታል ሩጡ፣ ሐኪሙ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ማየት አለበት።