ቀጭን ጥላ አይሸውዳችሁ፦ የቦሶን ስሌት ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችው። ፕሮቶኖች ሲጋጩ የሚወለደው የዜድ ቦሶን ቅንጣት ስሌት ግራፍ ነው። መሃል ላይ አንድ መስመር (የተሰላው መልስ)፣ ዙሪያውን ቀጭን ሰማያዊ ጥላ (የስህተት ክልሉ)። «መምህር፣ ስህተቱ ሁለት በመቶ ብቻ ነው!» አለችኝ። ፊቷ በርቷል። ስኒዬን አስቀመጥኩ። ይህን ነገር ዘንድሮ ስሰማ አራተኛዬ ነው። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ስሌቱ በአንዴ ስለማያልቅ በተከታታይ ረድፎች ይሠራል፤ ኤልኦ፣ ኤንኤልኦ፣ ኤንኤንኤልኦ እንላቸዋለን። የመጀመሪያው ግምት፣ ከዚያ እርማት፣ ከዚያ የእርማት እርማት።

ወደ ጥላው ልመለስ። የሚሳለው ስኬሉን በመቀያየር ነው፤ ስኬል ማለት ስሌቱ ውስጥ የምንመርጠው የጉልበት መለኪያ ነው። ስኬሉን እኛ ነን ያመጣነው፤ ተፈጥሮ አታውቀውም። ተከታታዩን እስከ መጨረሻው መደመር ብንችል ኖሮ ስኬሉን ብንቀያይረውም መልሱ ንቅንቅ አይልም ነበር። የሚነቃነቀው መሃል ላይ ስለቆረጥነው ነው። ስለዚህ ስኬሉን ለሁለት እናካፍላለን፣ በሁለት እናባዛለን፣ ልዩነቱን በጥላ እንስላለን። ልማድ ነው። ደህና ልማድ ነው። ግን ስታቲስቲክስ አይደለም። «68 በመቶ ዕድል እውነቱ እዚህ ውስጥ ነው» የሚል ውል ከማንም ጋር አልፈረመም።

ማስረጃ ካስፈለገ የሂግስ ቦሶንን እዩ። የፕሮቶኖቹ ግጭት ጉልበት 13 ቲኢቪ፣ የሂግስ ክብደት 125 ጂኢቪ (የቅንጣቶች ጉልበትና ክብደት መለኪያዎች ናቸው)፣ መንገዱ የግሉኦን ውህደት፤ ግሉኦን በፕሮቶን ውስጥ ኳርኮችን የሚያጣብቀው ቅንጣት ነው። ኤልኦ 16 ፒኮባርን (የመፈጠር ዕድል መለኪያ) ገደማ ይሰጣል። የስኬል ጥላው ወደ 15 በመቶ ነው። በዚህ ጥላ የተማመነ ሰው «ቢበዛ 19 ቢሆን ነው» ብሎ ይተኛል። ከዚያ ኤንኤልኦ ይመጣና 21 ያህል ይጨምርበታል። በመቶ አይደለም፣ 21 ፒኮባርን! መልሱ ከእጥፍ አለፈ። ኤንኤንኤልኦ ሌላ ዘጠኝ ተኩል ገደማ ይጨምራል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ኤን3ኤልኦ (ሦስተኛው እርማት) አንድ ተኩል ገደማ አክሎበት ነው ነገሩ ረገብ ያለው። የኳርክ ክብደትና የኤሌክትሮዊክ (የደካማውና የኤሌክትሮማግኔት ኃይሎች) እርማቶች ተጨምረው 48.6 ላይ ይደርሳል። ከ16 ተነስቶ!

«እሱማ ሂግስ ነው፣ ግሉኦን ስለሆነ ነው፤ ዜድ ግን ጨዋ ነው» ትሉኛላችሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የድሬል-ያን (ኳርክና ፀረ ኳርክ ተገናኝተው ዜድን ወይም ፎቶንን የሚወልዱበት ሂደት) ኤን3ኤልኦ ሲወጣ በሰፊ የክብደት ክልል ላይ ከኤንኤንኤልኦ ጥላ ውጭ አረፈ። ሁለቱ ጥላዎች አልተነካኩም። ኤንኤንኤልኦ ላይ የኳርክ-ፀረ ኳርክ እና የኳርክ-ግሉኦን ድርሻዎች እርስ በርስ እየተሰራረዙ ጥላውን ከሚገባው በላይ አቅጥነውት ነበር።

ለልጅቷ እንዲህ አልኳት። ወደ ዘጌ ልትሻገሪ ነው እንበል። ወደቡ ላይ ሦስት ባለ ጀልባ ብትጠይቂ ሦስቱም አንድ ዋጋ ይነግሩሻል፤ የአንድ ማኅበር ሰዎች ናቸዋ። ሦስቱ ስለተስማሙ ግን ገዳሙ ጋ ስትቆዪ የመጠበቂያ አይጠየቅም ማለት አይደለም። ስኬል መቀያየርም የሚጠይቀው ስሌትሽ ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው። በኤልኦ ዜድ የሚሠሩት ኳርክና ፀረ ኳርክ ብቻ ናቸው። ኳርክና ግሉኦን የሚገናኙበት በር የሚከፈተው ኤንኤልኦ ላይ ነው። ገና ያልመጣውን እንግዳ ስኬሉ ከየት ያውቀዋል?

እሺ ምን ይደረግ? ጥላውን ሳሉት፣ ግን ከቀደመው ረድፍ ጥላ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ካልተነካኩ ጻፉት፣ አትደብቁት። ድርሻዎቹንም ለየብቻ አትሙ። ከመረጃው ጋር የሚገጥመውን ስኬል መርጦ «ምርጡ ስኬል» ማለት ደግሞ ስሌት ሳይሆን ኩረጃ ነው።

ኮምፒውተሩ ከቁጥሩ ጎን የሚያትመው የመደመርና የመቀነስ ምልክት የሞንቴ ካርሎ፣ ማለትም በዘፈቀደ ናሙና የማስላት፣ ስህተት ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ዝምድና የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ብታስኬዱት ይቀንሳል፤ ፊዚክሳችሁ ግን ቅንጣት አይሻሻልም።

ቀጥሎ ያለው የራሴ ኃጢአት ነው። ተማሪ እያለሁ በኤንኤልኦ የተሠሩ ክስተቶች፣ ማለትም በኮምፒውተር የተመሰሉ ግጭቶች፣ ተሰጡኝ። ፋይሉን ስከፍት ከአምስቱ አንዱ ክብደቱ (የቅንጣት ክብደት ሳይሆን በድምሩ ውስጥ ያለው ድርሻ) ነጌቲቭ ነው። ደነገጥኩ። ነጌቲቭ ክስተት ምን ማለት ነው? የሆነ ነገር ተበላሽቷል ብዬ አንዲት መስመር ጻፍኩ፤ ክብደቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ዝለለው። ግራፉ ቆንጆ ሆነ። የመስመሩ መንቀጥቀጥ ሁሉ ጠፋ። ለሁለት ሳምንት ደስ ብሎኝ ከረምኩ። አማካሪዬ «ጠቅላላ ድምሩ ስንት መጣ?» ሲለኝ ነው ጉዴ የፈላው። ውጤቴ ከትክክለኛው በሲሶ በልጦ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 80 ሲቀነስ 20 ስልሳ ነው፣ እኔ ሰማንያውን ይዤ ነበር።

ነጌቲቮቹ ቆሻሻ አይደሉም። የቅነሳው ሌላኛው ግማሽ ናቸው። የፓርቶን ሻወሩ (ቅንጣቶቹ ግሉኦን እየረጩ ሲሄዱ የሚያስመስለው ኮድ) የሚያወጣው ግሉኦን እና የኤንኤልኦው ግሉኦን ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ዋጋቸው ግን ውድ ነው። ከአምስት አንዱ ነጌቲቭ ከሆነ መቶ ሺህ ክስተት የ36 ሺህ ያህል ብቻ የስታቲስቲክስ ጉልበት አለው። ከአራት አንዱ ከሆነ ወደ 25 ሺህ ይወርዳል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ ይህን አስቀድሞ ማስላት ያዋጣል። በዚያው፣ የኢንቴግሬሽን ግሪዱን (ኮዱ ናሙና የሚወስድበትን ካርታ) በየሰዓቱ ሴቭ አድርጉ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት የጠፋበት ሰው ይህን ሁለቴ አይነገረውም።

የዜድን ፒቲ (ከጨረሩ ወደ ጎን ያለውን ሞመንተም) እስከ ዜሮ ድረስ በቋሚ ረድፍ መሳል ሌላው ነው። ወደ ዜሮ ስትጠጉ የክብደትና የፒቲ ንጽጽር ሎጋሪዝሞች ይፈነዳሉ። በአንድ ረድፍ ኩርባው ሽቅብ ይሸሻል፣ በሚቀጥለው ቁልቁል ይወርዳል። ጥቂት ጂኢቪ ላይ ያለውን እውነተኛውን ጉብታ መቼም አታገኙትም። አንዱ ተማሪዬ ቢኑን (የግራፉን ዓምድ) እያጠበበ ሦስት ቀን ሮጠ፤ ባጠበበው ቁጥር ባሰበት። እዚያ አካባቢ የሚያስፈልገው ሎጋሪዝሞቹን በሙሉ ረድፎች መደመር ነው፤ ሪሰሜሽን ይሉታል።

«ኮዴ ኤንኤንኤልኦ ነው» ማለትም ይጣራ። የምኑ ኤንኤንኤልኦ? ለጠቅላላ ክሮስ ሴክሽኑ (የመፈጠር ዕድሉ) ከሆነ ለፒቲው ኤንኤልኦ ብቻ ነው። ፒቲ እንዲኖር መጀመሪያ አንድ ግሉኦን ወይም ኳርክ መውጣት አለበት፤ አንዱ ረድፍ እዚያ ተበላ።

ጠቅላላ ኬ-ፋክተር (እርማት ያለው ውጤት ለኤልኦ ሲካፈል) ወስዶ ኤልኦ ግራፍን ዳር እስከ ዳር ማባዛት፦ አይሆንም። ዜድ ከጄት (አንድ አቅጣጫ ይዞ ከሚወጣ የቅንጣቶች ጅረት) ጋር ሆኖ የጄቱ ፒቲ ሲበዛ እርማቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ምክንያቱም ኤንኤልኦ ላይ ሁለት ጄቶች ጉልበቱን ተካፍለው ዜዱ በስተጎን ቀስ ብሎ የሚወጣበት መንገድ ይከፈታል። ያንን በ1.2 አባዝታችሁ አትደርሱበትም።

ኤንኤንኤልኦ ስሌትን ከኤልኦ ፒዲኤፍ (ኳርክና ግሉኦን በፕሮቶን ውስጥ ያላቸውን ድርሻ ከሚነግረን ሠንጠረዥ) ጋር አታጋቡ። አልፋ-ኤስም (የጠንካራው ኃይል ብርታት) ከፒዲኤፉ ጋር አንድ ይሁን።

ግሉኦኖቹ ሂግስን የሚሠሩት በዋናነት በቶፕ ኳርክ ቀለበት፣ በሉፕ፣ በኩል ነው። ቶፕ ኳርክን ወሰን የሌለው ክብደት ሰጥቶ ሉፑን ወደ ነጥብ ማጠፍ ለጠቅላላ ሂግስ ደህና ይሠራል። የሂግስ ፒቲ ከቶፕ ክብደት፣ ማለትም ከ173 ጂኢቪ ገደማ፣ ሲያልፍ ግን ግሉኦኑ የሉፑን ውስጥ ማየት ይጀምራል። የታጠፈው ስሌት ከሚገባው በላይ ይቆጥራል። ይህን ስህተት ብዙ አልቆጣበትም፤ ኮዱ ራሱ አያስጠነቅቅም።

የመጨረሻው ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ያበሽቀኛል። የንድፈ ሐሳቡ ስህተት አምስት በመቶ ሆኖ ሳለ 48.58137 ፒኮባርን ብሎ መጻፍ። የቅዳሜዋ ልጅ ሰኞ ማታ አዲሱን ግራፍ ላከችልኝ። ሦስቱን ረድፎች ጎን ለጎን አስቀምጣለች፣ ጥላው ሰፍቷል፣ ድርሻዎቹም ተለያይተዋል። ከሥሩ ግን ቁጥሩ ስድስት ዲጂት ከነነጥቡ ተደርድሯል።